የሬስሊንግ «ሁለተኛ ትውልድ» ማለት ምንድን ነው?

ሬስሊንግ (ትግልና ትወና የተቀላቀለበት ትርኢት) የምታዩ ከሆነ ቃሉን ሳትሰሙት አትቀሩም። ወላጁ በዚሁ ሙያ ያለፈ ሬስለር «ሁለተኛ ትውልድ» ይባላል። ትርጉሙ ይኸው ነው። የሳሞአውያኑ የአኖአይ ቤተሰብ ጋ ስንመጣ ግን ነገሩ ጠለቅ ይላል። እዚያ ልጅ የሚወርሰው ስም ብቻ አይደለም፤ አባቱ ሪንግ ላይ የተጫወተው ገጸ ባሕርይም አብሮ ይመጣል።

የዚህን ቤተሰብ ልጅ፣ ሬስለሩን ሮማን ሬንስን እንውሰድ (ቀኖቹንና ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አባቱ ሲካ ከወንድሙ ከአፋ ጋር «ዋይልድ ሳሞአንስ» ይባሉ ነበር፣ የዱር ሳሞአውያን እንደማለት። ጸጉራቸውን አጎፍረው በባዶ እግር ሪንግ ይገባሉ፣ ካሜራ ፊት ጥሬ ዓሣ ይበላሉ፣ ጥያቄ ሲቀርብላቸው ቋንቋ እንደማያውቅ ሰው ያጓራሉ። በ1980 የደብሊው ደብሊው ኤፍን (ዛሬ ደብሊው ደብሊው ኢ የሚባለው የአሜሪካ የሬስሊንግ ድርጅት ነው) የጥንድ ቀበቶ፣ ማለትም ሁለት ሁለት ሆነው ለሚገጥሙ የሚሰጠውን የሻምፒዮንነት ቀበቶ፣ ወስደዋል። ድንቅ ሬስለሮች ነበሩ፤ ግን አንድ ሕዝብ እንደ አውሬ ተስሎ ሲቀርብ ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያማል።

ውርሱም አላቆመም። በ1992 የአፋ ልጅ ሳሙና የአክስቱ ልጅ ፋቱ «ሄድሽሪንከርስ» ተብለው ሲመጡ አሁንም በባዶ እግር ነበሩ። በ1993 የዓለም ሻምፒዮን የሆነው ሌላው የቤተሰቡ ልጅ ዮኮዙና ደግሞ ጭራሽ ጃፓናዊ የሱሞ ታጋይ ነው ተብሎ ነው የቀረበው።

የሲካ ልጅ ሮማን በቀጥታ ወደ ሬስሊንግ አልመጣም። ጆርጂያ ቴክ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የአሜሪካን ፉትቦል ተጫወተ፤ በ2007 ሚኒሶታ ቫይኪንግስ የተባለው የፉትቦል ቡድን አስፈረመው፤ ገና በ22 ዓመቱ፣ ሥራው ሊጀመር ሲል፣ የደም ካንሰር ተገኘበትና ቡድኑ አሰናበተው። የጃክሰንቪልን ቡድን ሞከረ፣ ቀናት ብቻ ቆየ። በ2008 ካናዳ ሄዶ ለኤድመንተን ቡድን ጥቂት ጨዋታ ተጫወተ፣ እሱም አበቃ። ደብሊው ደብሊው ኢ የፈረመው በ2010 ነው፤ ፍሎሪዳ ባለው ማሠልጠኛ ሊግ ውስጥ «ሊያኪ» በሚል ስም ከታች ጀመረ። የአባቱ ስም በሩን ከፍቶለት ይሆናል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ መውደቅና መነሣት የተማረው ግን ራሱ ነው።

ከዚያ ኅዳር 18 ቀን 2012 መጣ፣ ኢንዲያናፖሊስ። ትልቁ ግጥሚያ እየተካሄደ ሳለ ጥቁር የለበሱ ሦስት ሰዎች ከተመልካቹ በኩል ዘለው ገቡ። ግዙፉን ሬስለር ራይባክን ደበደቡት፣ ሦስት ሆነው ከፍ አድርገው አነሡትና የኮሜንታተሮቹ ጠረጴዛ ላይ ፈጠፈጡት። ጠረጴዛው ተሰባበረ። ከሦስቱ አንዱ ሮማን ሬንስ ነበር። ጥሬ ዓሣ የለም፣ ማጓራት የለም። ዝም ያለ፣ ፊቱን የቋጠረ፣ ኃይለኛ ሰው።

በግንቦት 2013 ከሦስቱ ሌላው ከሆነው ከሴት ሮሊንስ ጋር የጥንድ ቀበቶ ወሰደ። አባቱም ስሙን የተከለው በጥንድ ቀበቶ ነው፤ ልጁ ግን ጫማውን አድርጎ ነው ያነሣው።