«ዕድል ፈንታ፣ ጽዋ ተርታ»፦ ቃላቱ የሚሉትና የካርታ ጠረጴዛው የሚያሳየው

አራት ስሞች ናቸው፤ ግሥ የላቸውም። ሁለት ሁለት ሆነው ይቆማሉ፣ በ«ታ» ቤት ይመታሉ፣ አለቀ። እኩል ከለፉ ሁለት ሰዎች አንዱ ሲያገኝ ሌላው ባዶውን ሲቀር፣ ወይም መከራ በድንገት ቤት ሲገባ «ምን ይደረግ፣ ዕድል ፈንታ ጽዋ ተርታ ነው» ይባላል። ብዙ ጊዜ የሚነገረው ለማጽናናት ነው። አንዳንዴም ክርክር ለመዝጋት ይጠቅማል፤ ከዚህ በኋላ «እንዲህ ብታደርግ ኖሮ» ማለት ነውር ይመስላል። ቃላቱ በየተራ ሲታዩ ግን ከሚነገሩበት ድምፅ ይልቅ ጠንቃቆች ናቸው።

«ዕድል» የ«ማደል» ዘመድ ነው። «ታደለ» ስንል በጥሬው «ተሰጠው» ማለታችን ነው። ካርታ ተጫዋችም ካርታውን ከበወዘ በኋላ «ያድላል» እንጂ ሌላ ቃል አይፈልግም፤ ቃሉ ጠረጴዛው ላይ ሲደርስ ዘይቤነቱን ጥሎ ወደ ጥሬ ትርጉሙ ይመለሳል። «ፈንታ» ድርሻ ነው («በእሱ ፈንታ» ስንል ምትክ ይሆናል፤ እዚህ የሚሠራው ድርሻነቱ ነው)። «ጽዋ» መጠጫው ነው፤ በመጽሐፍ ቅዱስ አነጋገር ደግሞ ሰው ሊቀበለው ግድ የሆነበት ነገር ነው፣ በጌቴሴማኒ «ይህች ጽዋ ከእኔ ትለፍ» እንደተባለው። «ተርታ» ረድፍ ነው፤ ጽዋው በተቀማጮቹ ረድፍ ይዞራል፣ አሁን ያለፈኝ ቆይቶ ይደርሰኛል።

እንግዲህ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቃላት ድርሻ እንደሚለያይ ይናገራሉ፣ የኋለኞቹ ሁለቱ ድርሻው እንደሚዞር። ተናጋሪው ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የፊተኞቹን ብቻ ነው። ዕድልና ችሎታ የሚለያዩት ግን የኋለኞቹ ላይ ነው፤ የሚዞር ነገር ውሎ አድሮ ለሁሉም ይዳረሳል፣ ሲዳረስ ደግሞ በተጫዋቾቹ መካከል ልዩነት መሆኑ ይቀራል።

በቴክሳስ ሆልደም ፖከር ይህ በቁጥር ይታያል። ከ52 ካርታ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ይታደለዋል፤ ሁለት ካርታ በ1,326 ዓይነት መንገድ ሊመጣ ይችላል። ከእነዚህ ውስጥ ሁለት አስ (ጥንድ አንድ ቁጥር) የሚሰጡት 6 ናቸው፣ ማለትም ከ221 ዕደላ አንዱ። ይህን ማንም በብልሃት አያፋጥነውም። የዓለም ሻምፒዮኑም ትናንት ጨዋታ የጀመረውም በአማካይ በ221 ዕደላ አንዴ ያገኙታል። መራራው ጽዋም በተርታ ነው፦ በየዕደላው ሁለት ሰዎች ካርታቸውን ሳያዩ ብላይንድ የሚባለውን ግዴታ ይከፍላሉ፣ የአዳዩ ምልክት አንድ ወንበር በተሻገረ ቁጥር ግዴታውም ይሻገራል። ትንሹ ብላይንድ 1፣ ትልቁ 2 ቺፕ (በገንዘብ ምትክ የሚያገለግል መጫወቻ) ቢሆን ዘጠኝ ሰው ባለበት ጠረጴዛ በዘጠኝ ዕደላ ሁሉም 3 ቺፕ ይከፍላል። «ጥሩ ካርታ እስኪመጣ እጠብቃለሁ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የሚረሳው ይህን ነው፤ ሁለት አስ እስኪመጣለት ሁሉንም እየጣለ ቢቀመጥ፣ 221 ዕደላ 74 ያህል ቺፕ ይበላዋል። መጠበቅም ዋጋ አለው።

ታዲያ ችሎታው የት ነው? ለታደለው ነገር ስንት መክፈል እንደሚገባ በማወቁ ላይ። አንድ ዕደላ ቀርበን እንይ። በእጅህ ሁለት ባለ ልብ ካርታ ይዘሃል፤ ለሁሉም የጋራ ሆነው ጠረጴዛው ላይ ከሚገለጡት አምስት ካርታዎች አራቱ ወጥተዋል፣ ከእነሱም ሁለቱ ባለ ልብ ናቸው፤ አንድ ካርታ ይቀራል። አምስተኛው ባለ ልብ ከወጣ ታሸንፋለህ፣ ካልወጣ ትሸነፋለህ እንበል። ባለ ልብ በጠቅላላው 13 ነው፤ አራቱን አይተሃል፣ 9 ቀርተዋል። ያላየሃቸው ካርታዎች 46 ናቸው። ስለዚህ ዕድልህ 9 ከ46፣ ወደ 19.6 በመቶ ነው። እዚህ ድረስ ዕደላ ነው፤ በዚህ ላይ ምንም ማድረግ አትችልም።

መሃል ላይ 100 ቺፕ አለ፤ ተቃዋሚህ 20 ጨመረ። 20 ከፍለህ 120 ልታገኝ ነው። ይኸው ሁኔታ 46 ጊዜ ቢደጋገም በአማካይ 9 ጊዜ 120 ታገኛለህ (1,080)፣ 37 ጊዜ 20 ታጣለህ (740)፤ ትርፍህ 340፣ ለአንዱ ውሳኔ 7 ቺፕ ከፍ ይላል። ተቃዋሚው 20 በመጨመር ፈንታ 100 ቢጨምርስ? 9 ጊዜ 200 (1,800)፣ 37 ጊዜ 100 (3,700)፤ ኪሳራው 1,900፣ ለአንዱ ውሳኔ ወደ 41 ቺፕ። ካርታው አንድ፣ ዕድሉ አንድ፣ ዋጋው ብቻ ተለወጠ፤ መጀመሪያ ላይ መክፈል፣ ሁለተኛው ላይ ካርታውን መጣል ትክክል ነው። የጀማሪ ጥፋት 100 ከፍሎ ልቡ ሲወጣለት «ዐወቅሁበት» ማለቱ ነው። ከአምስት አንዴ እንዲህ ይሸለማል፣ ያ ሽልማት የቀሩትን አራት ኪሳራዎች ከዓይኑ ይሰውርበታል።

እንዲህ ያለው ስሌት ራሱ የተጀመረው በፈንታ ጠብ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በ1654 ፈረንሳውያኑ የሒሳብ ሊቃውንት ፓስካልና ፌርማ የተጻጻፉት ሳያልቅ የተቋረጠ ጨዋታ መደብ እንዴት ይከፈል በሚለው ነበር። ሁለት ሰዎች 32፣ 32 ወርቅ አስይዘው መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ላሸነፈ ይጫወታሉ፤ አንዱ 2 ለ1 ሲመራ ጨዋታው ይቆማል። የፓስካል መልስ፦ ለመሪው 48፣ ለሌላው 16። መሪው ቢሸነፍ እንኳ 2 ለ2 ይሆናሉና 32 የእሱ ነው፤ በቀሪው 32 ላይ ደግሞ ዕድላቸው እኩል ስለሆነ ግማሹን ይወስዳል። ድርሻው ከመድረሱ በፊት ፈንታ በቁጥር ተነገረ።

አሁን ወደ ተርታው። ጽዋው ይዞራል ብለናል፣ ግን በስንት ጊዜ ዞሮ ይደርሳል? ሰዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ ዙሩ ከሚገምቱት በላይ ረጅም ነው። አንድ ጎበዝ ተጫዋች በ100 ዕደላ በአማካይ 5 ትልቅ ብላይንድ (የትልቁን ብላይንድ አምስት እጥፍ) ያተርፋል እንበል፤ ይህ መልካም ውጤት ነው። በሆልደም ከአማካዩ ወዲያና ወዲህ የሚደረገው መዋዠቅ ግን በ100 ዕደላ 90 ትልቅ ብላይንድ አካባቢ ነው። ዕደላው ሲበዛ ትርፉ በዚያው ልክ ያድጋል፣ መዋዠቁ ግን በዕደላው ብዛት ስኩዌር ሩት ብቻ። በ10,000 ዕደላ የሚጠበቀው ትርፍ 500፣ መዋዠቁ 900 ይሆናል፤ ጎበዙ ሰውዬ ከሦስት አንድ በሚጠጋ ዕድል ከስሮ ይነሣል። በሰዓት 30 ዕደላ በሚታደልበት ጠረጴዛ ይህ ከ330 ሰዓት በላይ መቀመጥ ነው። በ100,000 ዕደላ ትርፉ 5,000፣ መዋዠቁ 2,850 ገደማ ይደርሳል፤ የመክሰር ዕድሉ ወደ 4 በመቶ ይወርዳል። በአንድ ሌሊት ውጤት ራሱን ጎበዝ ወይም እድለ ቢስ ያለ ሰው በሁለቱም በኩል ማስረጃ የለውም።

መቶ ሺህ ዕደላ መጠበቅ ለማይችሉ ሌላ ዘዴ አለ፦ ድርሻውን መቀያየር። ብሪጅ በሚባለው የካርታ ጨዋታ፣ በውድድር ጊዜ፣ አንድ ጊዜ የታደለው ካርታ እንዳለ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይተላለፋል፤ ነጥብህ የሚለካው ያንኑ ካርታ ይዘው ከተጫወቱት ሌሎች ጋር ነው። መጥፎ ካርታ ያዝኩ ማለት አያዋጣም፣ እነሱም ይዘውታል። በጥር 2017 በፒትስበርግ ሊብራተስ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ከአራት ባለሙያ የፖከር ተጫዋቾች ጋር 120,000 ዕደላ ሲጫወትም እንዲሁ ተደረገ፦ ለአንዱ ሰው የታደለው ካርታ በሌላ ክፍል ለፕሮግራሙ ታደለ፣ የፕሮግራሙ ለሰውየው ባልደረባ። ዕድል ፈንታው በዚህ መንገድ ተጣፋ፣ ያሸነፈው ፕሮግራሙ ነበር።

ሌሎቹን ጨዋታዎች ለመመዘን አንድ ጥያቄ ይበቃል፦ ሆን ብሎ መሸነፍ ይቻላል? በቼዝ ይቻላል፣ በባክጋመን ዳይሱ እየተቃወመም ቢሆን ይቻላል፣ በፖከር በጣም ይቻላል። በሩሌት አይቻልም፤ 37 ቁጥር ባለው መንኮራኩር የትኛውንም ብትመርጥ አጫዋቹ ቤት በአማካይ 2.7 በመቶ ይወስዳል፣ ሞኝም ሊቅም እኩል ይከፍላሉ። ለሩሌት የሚስማማው «ከመሮጥ ማንጋጠጥ» ነው፤ ማንጋጠጡም ቢሆን 2.7ቷን አያስቀራትም።

ስለዚህ አባባሉን በቦታው መጥራት ይቻላል። ሁለት አስ ይዘህ፣ ሁለት ንጉሥ የያዘው ሰው ቺፑን ሁሉ ካስገባ በኋላ ከጠረጴዛው ሦስተኛ ንጉሥ ቢወጣለት፣ 82 በመቶ ያህል ዕድል ይዘህ ነው የተሸነፍከው፤ «ዕድል ፈንታ፣ ጽዋ ተርታ» በል፣ ቀጣዩ ይታደል። ለ19.6 በመቶው ልብ 100 ቺፕ ከፍለህ ከተሸነፍክ ግን የደረሰህ ጽዋ አይደለም፤ ራስህ ቀድተህ የጠጣኸው ነው።