ፖሊክሎናል አንቲቦዲ ምንድን ነው?

በአንድ የፖሊክሎናል አንቲቦዲ ብልቃጥ ውስጥ ያለው 100 ማይክሮሊትር ፈሳሽ ሁለት ጠብታ ቢሆን ነው። ላላወቀው ሰው ውሃ ይመስላል። የወጣው ግን ከጥንቸል ደም ነው።

አሠራሩ ከስሙ ይቀላል። የሚጠናው ፕሮቲን ወይም ቁራጩ ለጥንቸል፣ ለፍየል ወይም ለበግ በመርፌ ይሰጣል፤ በሳምንታት ልዩነትም ይደገማል። የእንስሳው ሰውነት ያንን ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ፣ ማለትም ፀረ እንግዳ አካል፣ ማምረት ይጀምራል። ከዚያ ደም ይቀዳል፤ ደሙ ሲረጋ የሚለየው ቢጫማ ፈሳሽ፣ ሴረሙ፣ ተወስዶ ይጣራል።

«ፖሊ» ብዙ ማለት ነው፤ «ክሎን» ደግሞ ከአንድ ሴል የተባዛ ዘር። አንዱ የሴል ዘር የፕሮቲኑን ጫፍ የሚይዝ አንቲቦዲ ይሠራል፣ ሌላው ወገቡን፣ ሦስተኛው እጥፋቱን። በብልቃጡ ውስጥ ያለው የእነዚህ ሁሉ ድብልቅ ነው። ኮህለርና ሚልስታይን በ1975 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት ሞኖክሎናል በአንጻሩ የአንድ ዘር ብቻ ነው፤ የሚያውቀውም አንድ ቦታ ነው።

ልዩነቱ በዌስተርን ብሎት ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ይህ የናሙና ፕሮቲኖች በመጠን ተለይተው ወረቀት መሰል ሽፋን ላይ ከተላለፉ በኋላ የሚፈለገው በአንቲቦዲ እንደ መስመር የሚታይበት ሙከራ ነው። ናሙናው በሳሙና መሰል ኬሚካል ተቀቅሎ ፕሮቲኑ ቅርጹን ያጣል። ሞኖክሎናሉ የሚያውቃት አንዲት ቦታ አብራ ከጠፋች ሥራው አበቃ፤ ፖሊክሎናሉ ግን ሌላ መያዣ አያጣም። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እንዲሉ። ይኸው ብዛት ጣጣም አለው፦ ከድብልቁ አንዳንዱ ተመሳሳይ የሆነ ሌላ ፕሮቲን ይይዝና ያልተጠበቀ መስመር ያወጣል። ስለዚህ ፕሮቲኑ ፈጽሞ የሌለበት ናሙና ጎን ለጎን ሳያስኬዱ ውጤቱን ማመን የዋህነት ነው።

ጥንቸሏ ደግሞ ሟች ናት። ደሟ ሲያልቅ ያው ድብልቅ ዳግም አይገኝም። የአቀማመጡ ጥንቃቄ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ብልቃጡ እንደደረሰ በሴንትሪፊውጅ ለአፍታ ይሽከረከር፤ ከክዳኑ ላይ የተጣበቀችው ጠብታ ገንዘብ ናት። ከዚያ አሥር አሥር ማይክሮሊትር ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይቀመጥ። በተቀዘቀዘና በቀለጠ ቁጥር አንቲቦዲው እርስ በርሱ ይጓጉላል፤ የጓጎለው አንቲቦዲ ፕሮቲኑን መያዝ ያቅተዋል። በረዶውን በራሱ የሚያቀልጥ የቤት ፍሪዘር ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በየጊዜው ይሞቃልና።

የብልቃጡ ፈሳሽ ግማሹ ግሊሰሮል፣ ማለትም በረዶ እንዳይሆን የሚያደርግ ወፍራም ፈሳሽ፣ ከሆነ ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪም ሳይረጋ ይቆያል፤ መከፋፈልም አያስፈልገውም። መብራት በሚቆራረጥበት ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ከገባ ግን እሱም ይረጋል።

እንዳይሻግት የሚጨመረው ሶዲየም አዛይድ መርዝ ነው። ምልክቱን በፐሮክሲዴዝ ኢንዛይም በሚያወጣ ሙከራ ውስጥ ከገባ ኢንዛይሙን ያግደዋል፤ ባዶውን ወረቀት እያዩ አንቲቦዲውን መውቀስ የተለመደ ስህተት ነው። ወደ ቧንቧም አይደፋ፦ ከመዳብና ከእርሳስ ጋር የሚፈነዳ ውሁድ ይፈጥራል።

ለዕለቱ ሥራ አንድ ማይክሮሊትር በአንድ ሚሊሊትር መበረዝ ጥሩ መነሻ ነው። የተበረዘው ወደ ፍሪዘር አይመለስ፤ የሳሳ አንቲቦዲ በብልቃጡ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይቀራል። በእያንዳንዱ ብልቃጥ ላይ የምርት ዙሩ ቁጥር (ሎት) በማይለቅ ቀለም ይጻፍ፤ ቀጣዩ ትእዛዝ ከሌላ ጥንቸል ሊመጣ ይችላል።