በርዕደ መሬት የውሃ መስመር ጉዳት ግምት ምንድን ነው?

መሬት ሲንቀጠቀጥ ሁላችንም የምናየው ሕንፃውን ነው። ከአስፋልት ሥር የተቀበረውን የውሃ መስመር ማንም ልብ አይለውም፣ ቧንቧው ደርቆ ጄሪካን እስኪያዝ ድረስ። የጉዳት ግምት ማለት አደጋው ሳይመጣ ቁጭ ብሎ ማስላት ነው፦ ይህን ያህል መንቀጥቀጥ ቢመጣ መስመሩ ስንት ቦታ ይበጠሳል? ስንት ቤት ውሃ ያጣል? ለስንት ቀን?

ጥማት ብቻ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1906 ሳን ፍራንሲስኮ ስትናወጥ ዋና ዋና የውሃ መስመሮቿ ተበጣጠሱ። ወዲያው እሳት ተነሳ፤ ማጥፊያ ውሃ ግን የለም። ሦስት ቀን ያህል ነደደ። ከመንቀጥቀጡ ይልቅ አብዛኛውን ከተማ የበላው እሳቱ ነው።

የስሌቱ መነሻ «በአንድ ኪሎ ሜትር ስንት ጥገና ያስፈልጋል?» የሚለው ነው። የአሜሪካ የአደጋ ጊዜ አስተዳደር መሥሪያ ቤት፣ ፌማ፣ ባዘጋጀው ሀዙስ በሚባለው ዘዴ፣ መሬቱ የተወዛወዘበት ከፍተኛ ፍጥነት (በሰከንድ ስንት ሴንቲ ሜትር) ወደ 2.25 ኃይል ከፍ ይላል፣ ከዚያ በ0.0001 ይባዛል። እንሞክረው። ፍጥነቱ 25 ቢሆን፣ 100 ኪሎ ሜትር ተሰባሪ ቧንቧ፣ ለምሳሌ የድሮ ካስት አይረን (ቀልጦ የተቀረጸ ብረት)፣ ወደ 14 ቦታ ይጎዳል። 50 ሲሆንስ? ወደ 66። ፍጥነቱ እጥፍ ቢሆን ጉዳቱ አምስት እጥፍ ሊሞላ ትንሽ ነው የሚቀረው! እንደ ፒቪሲ ፕላስቲክ ላሉ መተጣጠፍ ለሚችሉ ቧንቧዎች ውጤቱ በ0.3 ይባዛል።

ይህ ሁሉ ግን መሬቱ ተወዛውዞ ቦታው ላይ ከቀረ ነው። ከተንሸራተተ፣ ወይም ውሃ ያዘለው አሸዋ እንደ አጥሚት ከቀጠነ፣ ሌላ ቀመር ይመጣል። ያኔ የሚለካው መሬቱ ምን ያህል ፈቀቅ እንዳለ ነው። የጉዳቱ ዓይነትም ይለያል። በውዝዋዜ ብቻ ከሆነ፣ ሀዙስ 80 በመቶውን ማንጠባጠብ፣ 20 በመቶውን ሙሉ ስብራት ብሎ ይይዛል፤ መሬት ሲሸሽ ቁጥሩ ይገለበጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 የኒውዚላንዷ ክራይስትቸርች አፈሯ ሲቀልጥ የአስቤስቶስ ሲሚንቶ ቧንቧዎች ክፉኛ ተጎዱ፤ የፖሊኢትሊን ፕላስቲኮቹ ግን ከአፈሩ ጋር እየታጠፉ በጣም በተሻለ ሁኔታ ተረፉ።

እንደ እኔ ቀመሩ ቀላሉ ነው። ራስ ምታቱ ከመሬት በታች ምን እንዳለ ማወቁ ላይ ነው። ካርታው ፒቪሲ ይላል፤ ሲቆፈር ዝገት የበላው ብረት ይወጣል። መረጃው እንዲህ ከሆነ ስሌቱ ምን ዋጋ አለው?

ውሃው በስንት ቀን ይመለሳል የሚለው ግምት ደግሞ ይብሳል። የተቀበረ መስመር የት እንደሚያፈስ ለማወቅ ውስጡ ግፊት ያለው ውሃ ያስፈልጋል። ግፊቱ እንዲገኝ ደግሞ የሚያፈሰው መደፈን አለበት። ስለዚህ አንዱን ጠግነው ውሃ ሲለቁ ሌላው ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተመታችው የጃፓኗ ኮቤ ውሃዋን ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ከሁለት ወር በላይ ወስዶባታል።