መርጡለ ማርያም፦ የእቴጌ እሌኒ ደብር

መርጡለ ማርያም በምሥራቅ ጎጃም፣ በእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ የሚገኝ ጥንታዊ ገዳም ነው። በዙሪያው የተቆረቆረው ከተማም የሚጠራው በገዳሙ ስም ነው። ዛሬ ቅዳሴ ከሚቀደስበት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ከጥርብ ድንጋይና ከኖራ የተሠራ፣ ጣሪያው የወደቀ ትልቅ ግንብ ቆሟል። የቱሪስት መምሪያዎች ብዙ ጊዜ «የፖርቹጋሎች ፍርስራሽ» እያሉ ያልፉታል፤ ይህ አጠራር ግን የቦታውን ታሪክ ከመጨረሻው ምዕራፍ እንደ መጀመር ነው። የደብሩ ባለውለታ ከፖርቹጋሎቹ አንድ መቶ ዓመት በፊት የነበረችው እቴጌ እሌኒ ናት። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት መርጡለ ማርያም ከክርስትና በፊት መሥዋዕተ ኦሪት ይቀርብባቸው ከነበሩት አራት ቦታዎች አንዱ ነው። ሌሎቹ አክሱም ጽዮን፣ ጣና ቂርቆስና ከዓባይ ማዶ በአማራ ሳይንት የሚገኘው ተድባበ ማርያም ናቸው። የመጀመሪያውን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ነገሥታቱ አብርሃና አጽብሓ እንደ ሆኑም ትውፊቱ ያስረዳል። የገዳሙ አስተዳዳሪ «ርእሰ ርኡሳን» በሚል ማዕረግ የሚጠራ ሲሆን፣ ይህም ደብሩ ከጥንት ጀምሮ የነበረውን ክብር ያሳያል። ከአብርሃና አጽብሓ እስከ 15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ያለውን ረጅም ጊዜ የያዘው የአባቶች የቃል ትውፊት ነው።

የጽሑፍ ታሪኩ የሚደምቀው ከእቴጌ እሌኒ ጋር ነው። እሌኒ የሐድያው ገራድ (ገዥ) የመሐመድ ልጅ ነበረች። ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ (1434–1468) ተድራ በቤተ መንግሥቱ «ቀኝ በዓልቲሐት» (የቀኝ ንግሥት) የሚለውን ማዕረግ ያዘች። ዘርዐ ያዕቆብ ሲያርፍ ልጁ ዐፄ በእደ ማርያም ወላጅ እናቱን ቀደም ብሎ አጥቶ ስለ ነበር እንደ እናቱ አድርጎ አከበራት። ዜና መዋዕሉም በሃይማኖቷ፣ በመጻሕፍት እውቀቷና በማእድ ሥርዓት ዐዋቂነቷ ያመሰግናታል። ከዚያ በኋላ ዐፄ እስክንድርና ዐፄ ናዖድ ነገሡ፤ ነገሥታቱ ሲለዋወጡ እሌኒ ከመንግሥት ምክር አልራቀችም። ፖርቹጋላዊው ጸሐፊ ዳሚያኦ ደ ጎይስ ሁለት የግእዝ መጻሕፍትን እንደ ደረሰች ጽፏል፤ አንዱ «እንዚራ ስብሐት»፣ ሌላው «ጸዳለ ፀሐይ» ይባላል። ከሙስሊም ቤተሰብ ተወልዳ በግእዝ ድርሰት እስከ መታወቅ የደረሰች ንግሥት በታሪካችን ሌላ ማን አለች?

ናዖድ በ1508 ሲሞት አልጋው ገና ለልጅነት ቅርብ ለነበረው ለልብነ ድንግል ተላለፈ፤ የመንግሥቱን ሥራ የያዘችው እሌኒ ነበረች። በ1509 ማቴዎስ የተባለ አርመናዊ ነጋዴ ለፖርቹጋል ንጉሥ ለማኑኤል የተጻፈ ደብዳቤና የመስቀሉን ግማድ ይዞ እንዲሄድ ላከችው። ማቴዎስ በሕንድ በኩል አድርጎ በ1514 ሊዝበን ደረሰ። መልሱን ይዞ የመጣው የፖርቹጋል መልእክተኞች ቡድን ምጽዋ የወረደው በ1520 ነበር። ማቴዎስ ራሱ ግን አገር እንደ ገባ በደብረ ቢዘን ዐረፈ። ከመልእክተኞቹ ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ስድስት ዓመት ያህል በኢትዮጵያ ቆይቶ የጻፈው መጽሐፍ ለዚህ ዘመን ዋና ምንጫችን ነው።

ጎጃም የእሌኒ ግዛት ነበር። አልቫሬዝ ስለ ቤተ ክርስቲያኗ የሰማው ከፔሮ ዳ ኮቪልያ ነው። ኮቪልያ በ1490ዎቹ መጥቶ ከአገር እንዳይወጣ የተከለከለ፣ የአገሩን ቋንቋ የተማረና በቤተ መንግሥቱ የከበረ ፖርቹጋላዊ ነበር። እንደ ነገረው ከሆነ እቴጌይቱ በጎጃም እጅግ ያማረ ቤተ ክርስቲያን አሠርታ ነበር፤ የመንበሩን አሠራር እንዲያሳይም ልካዋለች። መንበሩ ከእንጨት ተሠርቶ በወርቅ የተሞላ ነበር፤ በላዩ የተቀመጠው ጽላትም ጥሩ ወርቅ ነበር። አልቫሬዝ የቤተ ክርስቲያኑን ስም አልጠቀሰም። ሆኖም አንድ መቶ ዓመት ቆይተው የመጡት ኢየሱሳውያን (ጀስዊት የሚባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን) የእሌኒን ቤተ ክርስቲያን በእነብሴ እንዳገኙት በግልጽ ስለ ጻፉ፣ ቦታው መርጡለ ማርያም መሆኑን መጠራጠር አይገባም። ኢየሱሳውያኑ ሠሪዎቹ ከግብጽ የመጡ እንደ ነበሩም ጽፈዋል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል፤ የአገሬው ጠራቢና አናጺ ግን በሥራው አልነበረበትም ማለት አይደለም።

እሌኒ በ1522 አካባቢ ዐረፈች። አልቫሬዝ በዚያን ጊዜ ከሕዝቡ የሰማውን መዝግቧል፦ እርሷ ከሞተች ወዲህ ትልቁም ትንሹም ሞቷል፤ በሕይወት ሳለች ሁሉም ይኖርና ይጠበቅ ነበር፤ የሁሉም አባትና እናት ነበረች ይሉ ነበር። ከእርሷ ሞት በኋላ የጎጃም ግብር ወደ ንጉሡ ሰፈር ሲገባ በዓይኑ አይቷል። በቅሎው ሦስት ሺህ፣ ፈረሱ ሦስት ሺህ ነበር፤ ወፍራም የቤተ መንግሥት ልብስ ሦስት ሺህ፣ ከሠላሳ ሺህ የሚበልጥ ተራ የጥጥ ልብስ፣ ከዚያም ሠላሳ ሺህ ወቄት ወርቅ ተከተለ። ሰልፉ አልፎ እስኪያልቅ ቀኑ መሽቷል። የወርቁ መንበር ከየት እንደ መጣ ለመረዳት ይህን ሰልፍ ማሰብ ይበቃል።

ቤተ ክርስቲያኑ ረጅም ዕድሜ አላገኘም፤ በግራኝ አሕመድ ጦርነትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ውጊያዎች ተዘርፎና ተቃጥሎ ግድግዳው ብቻ ቀረ።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የካቶሊክን እምነት በይፋ ሲቀበል ኢየሱሳውያን በጎጃምና በደንቢያ ቤተ ክርስቲያን መሥራት ጀመሩ። በዚያው ዘመን የግንብ ሥራ በኖራ ተስፋፋ፤ ከሕንድ የመጡ ባለሙያዎችም ተሳተፉበት። መርጡለ ማርያም የደረሰው ለጣሊያናዊው ኢየሱሳዊ ለብሩኖ ብሩኒ ነበር። ከ1620ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በእሌኒ ፍርስራሽ ውስጥ አዲስ ቤተ ክርስቲያን አሠራ። ማኑኤል ደ አልሜዳ የተባለው የኢየሱሳውያን ታሪክ ጸሐፊ የአሮጌውን ሥራ ጥራትና ውበት አድንቆ ጽፏል፤ ይህ ከባላጋራ የተገኘ ምስክርነት ስለ ሆነ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን አዲሱ ሥራ ብዙ አልቆየም። የእርስ በርስ ውጊያው አገሩን ከጨረሰ በኋላ ሱስንዮስ በ1632 የአባቶቹን ሃይማኖት መለሰ፤ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የሚለው ቃልም እስከ ዛሬ ይነገራል። ፋሲለደስ ኢየሱሳውያኑን ከአገር አስወጣ። ተደብቆ የቀረው ብሩኒ በ1640 ተገደለ። ገዳሙ ወደ ተዋሕዶ አገልግሎቱ ተመለሰ፤ ካህናቱም ከግንቡ አጠገብ እስከ ዛሬ ያገለግላሉ።

እንግሊዛዊው ተጓዥ ቻርልስ ቤክ በ1840ዎቹ መጀመሪያ በጎጃም ሲዘዋወር ፍርስራሹን አይቶ ገለጻውን በ1847 አሳተመ። ስለ ግንቡ ብቻ የተጻፈ የመጀመሪያው ሰፊ ጥናት የእርሱ ነው። በ1980ዎቹ ሌላ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ቦታውን አጥንቷል፤ ከ2000ዎቹ አጋማሽ በኋላም የስፔን አርኪዮሎጂስቶች ከኢየሱሳውያን ሕንጻዎች ጋር አብረው መርምረውታል።

ተመራማሪዎቹን የሚያከራክረው ከቆመው ግንብ የትኛው የእሌኒ፣ የትኛው የብሩኒ ነው የሚለው ጉዳይ ነው። በቅስቶቹና በግድግዳው ላይ ጽጌረዳ መሰል አበቦችና ሐረግ በጥልቀት ተፈልፍለዋል። አንዳንዶች ይህን የሕንድና የአውሮፓ እጅ ይሉታል፤ ኖራው የ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሊሆን ይችላል፣ ግንቡም በአብዛኛው የዚያ ዘመን ይመስላል። ነገር ግን ብሩኒ የወደቀውን ጥርብ ድንጋይ መልሶ ካልተጠቀመበት ያን ሁሉ ድንጋይ ምን አደረገው? በደቡብ ወሎ ዐፄ ናዖድ ጀምሮት ልብነ ድንግል ከፈጸመው፣ በ1531 ከተቃጠለው ከመካነ ሥላሴ ፍርስራሽ የተገኙት ድንጋዮችም በአበባና በሐረግ የተቀረጹ ናቸው። የተሠሩትም ኢየሱሳውያን ኢትዮጵያን ከመርገጣቸው በፊት ነው። መካነ ሥላሴን የጠረበ ዘመን መርጡለ ማርያምንም መጥረብ ይችል ነበር፤ የሁለቱ ቦታዎች ድንጋዮች ጎን ለጎን ሊመረመሩ ይገባል።