«ውሉ ተሰርዟል» ማለት ብቻ አይበቃም

ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ያለ ምግብ ቤት ለዓሣ ነጋዴ 50,000 ብር ቅድሚያ ከፈለ እንበል። ነጋዴው ቆሮሶውን ሳያመጣ ቀረ። ባለቤቱ ተናደው በስልክ «ውሉ ተሰርዟል» አሉ። ኧረ አይቸኩሉ! የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1772 መጀመሪያ ማስጠንቀቂያ ይስጡ ይላል። «በ10 ቀን ውስጥ አስረክበኝ» ብሎ ጽፎ መስጠት፣ ቅጂውንም ማስቀመጥ ነው። ነጋዴው ራሱ «አላቀርብም» ብሎ በጽሑፍ ካሳወቀ ግን ማስጠንቀቂያው ይቀራል።

ውል ሲሰረዝ ሁለቱም ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ብሩም ይመለሳል። ብዙ ሰው ከሰረዝኩ ካሣ ይቀርብኛል ብሎ ይፈራል፤ አይቀርም።

ገንዘቡ «ቀብድ» ተብሎ ከተጻፈ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የሰጠው ቀብዱን ለቆ፣ የተቀበለው እጥፉን መልሶ ውሉን መተው ይችላል።