ከንቲባ ለመምረጥ ምን ያሰልፈኛል? ጎንደር ላይ የሚባለውና እውነታው

ወሬው የተነሣው ውኃ ከጠፋ ሳምንት ሲያልፈው ነው። ሰፈራችን ውስጥ ቡና ከሚያፈሉ እትዬ ቤት ተቀምጠናል። ቢጫ ጀሪካኖች በሩ ላይ ተደርድረዋል። አንዱ ጎረምሳ «ለመሆኑ ከንቲባውን ማን ነው የመረጠው?» አለ። «እኛ ነና! በ2013 ተሰልፈን!» አለው ጎረቤቱ። እትዬ ስኒውን እያጠቡ «እኔ ከንቲባ የመረጥኩበት ቀን ትዝ አይለኝም» አሉ።

ከሁላችንም ልክ የነበሩት እሳቸው ናቸው። ይህንን ስነግራቸው ግን ክርክሩ ጭራሽ ባሰበት። «እንግዲያ መምረጡ ምን ያደርጋል?» የሚለው ዘፈን ተጀመረ። እኔም የሰማሁትን አንድ በአንድ እየያዝኩ ሄድኩ።

«ከንቲባውን የምንመርጠው እኛ ነን»

አይደለንም። ጎንደር ላይ ከንቲባ የሚል የድምፅ መስጫ ወረቀት የለም። ሕዝብ የሚመርጠው የከተማውን ምክር ቤት ነው። ከዚያ በኋላ አብላጫ ወንበር የያዘው ድርጅት ሰው ያቀርባል፣ ምክር ቤቱ ይሾማል። ከንቲባ በመሃል ሲነሣም ሕዝብ ወደ ምርጫ ጣቢያ አይጠራም። እኛ ከተማ ደግሞ ከንቲባ ሲቀያየር ብርቅ አይደለም። ማን እንደተሾመ እንደማንኛውም ሰው ፌስቡክ ላይ ነው የምናየው።

ታዲያ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የተሰለፍነው ለምንድን ነው? ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለክልሉ ምክር ቤት ነው። የከተማው ምክር ቤት በዚያ ምርጫ ውስጥ አልነበረም። የአካባቢ ምርጫ የሚባለው፣ ማለትም የቀበሌ፣ የወረዳና የከተማ ምክር ቤቶች ምርጫ፣ ራሱን ችሎ የሚካሄድ ነው። በ2000 ዓ.ም. ተደርጓል። በ2005 ዓ.ም. ተደርጓል። በ2010 መካሄድ የነበረበት ግን ተራዘመ፤ 2013ም ሳያካትተው አለፈ።

እስቲ እናስላው። በ2005 ዓ.ም. የ17 ዓመት ልጅ የነበረ ሰው ዛሬ ሠላሳ ገብቷል። አግብቶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ምናልባት ባጃጅ ገዝቶ ሊሆን ይችላል። ለከተማው ምክር ቤት ግን አንድም ቀን ድምፅ ሰጥቶ አያውቅም። ስለዚህ «የዘንድሮ ወጣት ለምርጫ ግዴለሽ ነው» የሚሉ ትልልቅ ሰዎች ቢቀመጡ ጥሩ ነው። ልጁ ወረቀቱን አይቶት አያውቅም እኮ።

ምክር ቤቱ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ለማየት አዲስ አበባን መመልከት ይበቃል። በ1997 ዓ.ም. የተቃዋሚዎች ጥምረት የነበረው ቅንጅት ከ138ቱ የከተማው ምክር ቤት ወንበሮች 137ቱን አሸነፈ። ብርሃኑ ነጋ ለከንቲባነት ተመረጡ። ወንበሩ ላይ ግን አልተቀመጡም፤ ከተማው በባለአደራ አስተዳደር ሥር ሆኖ እስከ 2000 ምርጫ ቆየ። ሌላው ምሳሌ የቅርብ ነው። በ2010 ዓ.ም. ታከለ ኡማ አዲስ አበባን እንዲመሩ ሲሾሙ የምክር ቤቱ አባል አልነበሩም። ለዚህ ሲባል የከተማው ቻርተር ተሻሻለ፤ የያዙትም ማዕረግ ምክትል ከንቲባ የሚል ነበር። ሥልጣኑ የከንቲባ፣ ስሙ የምክትል። የምክር ቤት ወንበር ከሌለህ ነገሩ እንዲህ ይጠማዘዛል ማለት ነው።

«ከንቲባ ሁልጊዜም ከላይ ነው የሚወርደው»

ይህኛው ግማሽ እውነት ነው፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከውሸት ይልቅ ያስቸግራል።

የሚገርመው፣ ከንቲባ የሚለው ማዕረግ ራሱ የእኛ አገር ነው ማለት ይቻላል። ድሮ የጎንደርና የደንቢያ ሹም የሚጠራበት ስም ነበር። ከንቲባ ገብሩ ደስታ ማዕረጉን ይዘው ጎንደርን አስተዳድረዋል፤ አዲስ አበባ ላይ ያገለገሉት ከዚያ ኋላ ነው። ያኔ ከንቲባን የሚሾመው ንጉሥ ነው። ምናልባት «ከላይ ነው የሚመጣው» የሚለው አስተሳሰብ ከዚያ ዘመን የተረፈ ይሆናል።

ዛሬም ቢሆን ድርጅት ውስጥ ማን ይቅረብ የሚለው የሚወሰነው ቡና ቤት አይደለም። ይህን መካድ ሞኝነት ነው። በ2005ቱ የአካባቢ ምርጫ ብዙ ተቃዋሚዎች አንሳተፍም ብለው ቀሩ፤ ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወንበሩን ጠቅልለው ወሰዱት። አንድ ድርጅት ብቻውን የሞላው ምክር ቤት ሹመት ሲቀርብለት ምን እንደሚያደርግ መገመት አያቅትም፤ እጅ ይወጣል፣ ይጨበጨባል፣ ሻይ ይጠጣል። ችግሩ ግን ምክር ቤት በመኖሩ አይደለም፤ ውስጡ የሚጠይቅ ሰው በመጥፋቱ ነው። አራት አምስት ሰዎች እንኳ «ይህ በጀት ወዴት ሄደ?» ብለው ቢነሡ ጥያቄው ቃለ ጉባኤ ላይ ይሰፍራል። ቃለ ጉባኤ ላይ የሰፈረ ነገር ደግሞ እንደ ቡና ቤት ወሬ በኖ አይጠፋም።

«ቢመረጥስ ከተማው ምን ሥልጣን አለው? ሁሉም ነገር ከባሕር ዳር ነው»

እንግዲህ ትክክለኛ ክርክር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ትልልቁ ነገር አዎን፣ ከከተማው አቅም በላይ ነው። ለመጠጥ ውኃና ለመስኖ የታሰበው የመገጭ ግድብ በከተማ ምክር ቤት ውሳኔ አያልቅም። የፌዴራል ፕሮጀክት ነው። የአስፋልቱ ዋና መስመር፣ የአየር ማረፊያው፣ የዩኒቨርሲቲው ጉዳይም እንደዚያው። የበጀቱም አንድ ክፍል ከክልል የሚመጣ ድጎማ ነው።

አሁን ደግሞ ከቤትህ ወጥተህ ቅዳሜ ገበያ እስክትደርስ የሚያጋጥምህን ቁጠር። የሰፈርህ ኮብልስቶን። ቱቦው ተደፍኖ መንገድ ላይ የሚፈስሰው ፍሳሽ። ቆሻሻ በስንት ቀን እንደሚነሣ። ጉልት የሚቸረችሩ እናቶች የት ይቀመጡ የሚለው። የባጃጅ ተራ። የግንባታ ፈቃድ። የንግድ ፈቃድ። የቦታና የቤት ግብር። ከሁሉ በላይ ደግሞ መሬት፤ ማን ሊዝ አገኘ፣ ማን ካርታ ተሰጠው፣ የማን ይዞታ ለልማት ተነሣ፣ ካሳው ስንት ሆነ። እነዚህን በየቀኑ የሚያስፈጽመው የከተማው አስተዳደርና ማዘጋጃ ቤቱ ነው። የከተማውን በጀት የሚያጸድቀውም፣ አስተዳደሩን ጠርቶ ሪፖርት የሚያዳምጠውም ምክር ቤቱ ነው።

ጎንደር ላይ ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ከተማችን በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ዙሪያ የተሠራ ከተማ ነው። ግንቡ አጠገብ ስንት ፎቅ ይሠራ፣ የአራዳ አሮጌ ቤቶች ይፍረሱ ወይስ ይጠገኑ፣ ለጥምቀት የሚመጣው እንግዳ የት ይደር፣ የት ይጸዳዳ። ይቅርታ፣ ግን መጸዳጃ ቤትም የፖለቲካ ጉዳይ ነው። የኮሪደር ልማቱ በመጣ ጊዜ ሰው ሁሉ ስለ መብራቱና ስለ እግረኛ መንገዱ ሲያወራ ነበር። አጥሩ የፈረሰበት ሰው ግን የሚፈልገው «የቀበሌያችን ተመራጭ ማን ነው?» ብሎ የሚሄድበት ሰው ነው።

ስለዚህ ቁም ነገሩ የሥልጣን ማነስ አይደለም። ለእኔ ከአዲስ አበባ ፓርላማ ይልቅ የከተማው ምክር ቤት ነው ጓሮዬ ድረስ የሚገባው።

«አንድ ድምፅ ምን ታመጣለች?»

ለፓርላማ ሲሆን እሺ፣ ድምፅህ በብዙ አሥር ሺዎች መሃል ትገባለች። ወደ ከተማና ወደ ቀበሌ ስትወርድ ግን ሜዳው ይጠብባል። አንድ ምርጫ ጣቢያ ከ1,500 በላይ መራጭ አይመዘገብበትም። በእኛ ሕግ የሚያሸንፈው ከተወዳዳሪዎቹ ይበልጥ ድምፅ ያገኘው ነው፤ ከግማሽ በላይ ማምጣት ግዴታ የለበትም። እንበልና አንድ ቦታ ላይ ሦስት ሰዎች ተወዳደሩ። አንዱ 410፣ ሌላው 395፣ ሦስተኛው 200 አገኙ። ያሸነፈው በ15 ድምፅ ነው። 15 ሰው ማለት የአንድ ማኅበር ጽዋ ጠጪ ማለት ነው።

እንዲያውም እኛ ይህን ሂሳብ በደንብ እናውቀዋለን። የእድር ዳኛ ሲመረጥ አይተሃል? ሰው ከሥራ ቀርቶ ይመጣል። «እሱ ገንዘብ ያዥ ከሆነ እኔ እወጣለሁ» ተብሎ ይጮኻል። ድንኳንና ወንበር ለሚጠብቅ ሰው እንዲህ የሚጨነቅ ሕዝብ፣ መሬት የሚሰጠውን አስተዳደር ጠርቶ ለሚጠይቀው ምክር ቤት ሲሆን «ምን ታመጣለች» ይላል። አልገባኝም።

«ማንን እንደመረጥኩ ያውቁብኛል»

ይህ ፍርሃት ከባዶ የመጣ አይደለም። ካድሬ ቤት ለቤት እየዞረ «ካርድ አውጥታችኋል?» ሲል የሰማ ሰው ቢፈራ አልፈርድበትም። ግን አሠራሩን ማወቅ ይጠቅማል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 ላይ ድምፅ በሚስጥር እንደሚሰጥ ይላል። ወረቀቱ ላይ ስምህ የለም። ብቻህን ገብተህ በእስክሪብቶ ምልክት ታደርጋለህ፣ ወይም በጣትህ ትፈርማለህ። አጥፈህ ሳጥን ውስጥ ትከታለህ። ጣትህ ላይ የሚደረገው ቀለም የሚናገረው መምረጥህን እንጂ ማንን እንደመረጥህ አይደለም። ቆጠራው እዚያው ጣቢያው ውስጥ የድርጅት ወኪሎችና ታዛቢዎች ባሉበት ይካሄዳል፤ ውጤቱም ጣቢያው ላይ ይለጠፋል። በማግስቱ ሄደህ በዓይንህ ማየት ትችላለህ። እኔ ከምርጫው ቀን ይበልጥ ይህችን የማግስት ወረቀት እወዳታለሁ።

የሚስጥሩ ትልቁ ጠላት ደግሞ እኛው ነን። ከጣቢያ ወጥቶ ለሰፈሩ ሁሉ የሚያውጅ ሰው ሞልቷል።

አንድ ነገር ልጨምር። የመራጭነት ካርድና የቀበሌ መታወቂያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። «ካርድ ካላወጣህ ዘይትና ስኳር አታገኝም» የሚል ካለ ሕግ አይደለም የሚነግርህ። አገራችን ላይ መምረጥ መብት እንጂ ግዴታ አይደለም።

«ዕለቱ ሲደርስ መታወቂያዬን ይዤ ሄጄ እመርጣለሁ»

አትመርጥም። አስቀድመህ ካልተመዘገብክ ስምህ መዝገቡ ላይ የለም። ምዝገባው ከምርጫው ቀን ብዙ ቀደም ብሎ ይከፈታል፣ ይዘጋልም። 18 ዓመት መሙላት አለብህ፤ በምርጫ ክልሉ ውስጥም ቢያንስ 6 ወር መኖር አለብህ። ከማራኪ ወደ አዘዞ ቤት የቀየርክ ከሆነ እዚህ ላይ ልብ በል።

«ማንበብ ለማይችል ሰው አይሆንም» የሚለውንም ቶሎ ልለፈው። የምርጫ ምልክት የተፈለሰፈው ለምን ሆነና? የኢሕአዴግን ንብና የቅንጅትን ሁለት ጣት ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን አልተሳሳቱባቸውም። ዓይነ ስውር ወይም አቅመ ደካማ የሆነም ራሱ የሚያምነውን ረዳት ይዞ መግባት ይችላል።

«አለመምረጥም ተቃውሞ ነው»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ የተማሩት ናቸው፤ ስለዚህ በጥንቃቄ ልመልስ።

ሰው ምርጫውን ካላመነ መቅረት መብቱ ነው። አማራጭ በሌለበት፣ ወይም ፀጥታው ተናግቶ ተወዳዳሪ እንደልቡ ዞሮ መቀስቀስ ባልቻለበት ጊዜ መሰለፉ ቲያትር ቢመስለው አልደነቅም። ክልላችን ያሳለፋቸው ዓመታት ቀላል አልነበሩም። ድርጅቶች በጋራ ተነሥተው «አንሳተፍም» ሲሉም መልእክት አለው፤ ተመካክረው፣ ምክንያቱን ጽፈው ነዋ።

አንተ ብቻህን ቤትህ ስትቀር ግን ምን እንደሆንክ የሚያውቅ የለም። ተቃወምክ? ታመምክ? ቅዳሜ ሠርግ አምሽተህ ተኛህ? ቆጠራው ላይ ሁሉም አንድ ነው። የመጣው ሰው ስላነሰ ደግሞ ምርጫው አይፈርስም፤ 300 ሰው ብቻ ከመጣ 300ው ይወስናል። አንዱንም አልፈልግም የሚል ሰው ባዶ ወረቀት ሳጥን ውስጥ ቢከት እንኳ ዋጋ የሌለው ድምፅ ተብሎ ለብቻው ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ይመዘገባል። ቤት የቀረህበት ምክንያት ግን የትም አይጻፍም።

ይህን ሁሉ ስለፈልፍ እትዬ አቦሉን ቀድተው ጨርሰው ነበር። «እሺ ልጄ፣ ገባኝ» አሉ። «ከንቲባውን የሚሾመው ምክር ቤቱ ነው። ምክር ቤቱን ደግሞ እኛ ነን የምንመርጠው። እንግዲያ ከእኛ ቀበሌ እዚያ የተቀመጠው ማን ነው? ስሙን ንገረኝና ስለ ውኃው ሄጄ ላነጋግረው።»

ጎረቤቴን አየሁት። ጎረምሳው ስልኩን አወጣ። እኔም አላውቅም። በረካው እስኪቀዳ ድረስ ስም የጠራ አልተገኘም።