ደለል አለት ማግኔቱን ሲቀይር

ከተበላሸ ስፒከር የወጣ ማግኔት ካላችሁ በላስቲክ ጠቅልሉትና ቀሃ ወንዝ ዳር አሸዋው ውስጥ አመላልሱት። ጥቁር ደቃቅ ብናኝ ለብሶ ይወጣል። ብናኙ ማግኔታይትና ዘመዶቹ ናቸው፤ ከጎንደር ዙሪያ ተራሮች ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም ከባዛልት፣ ተፈርፍሮ የመጣ ነው። እንዲህ ያለው ብናኝ ከጭቃ ጋር ሐይቅ ወለል ላይ ሲያርፍ በዘመኑ ወደነበረው የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ዞሮ ይተኛል፣ ጭቃው ሲጠጥር ደግሞ እንደዞረ ይቀራል። የምድር መግነጢስ በየዘመኑ ይገለበጣል፣ ማለትም ሰሜኑና ደቡቡ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ የመጨረሻው ግልበጣ ከዛሬ 780 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነበር። ስለዚህ አቅጣጫውን መለካት የአለቱን ዕድሜ ለማወቅ ይረዳል።

አለቱ ግን የመጀመሪያውን አቅጣጫ ሁልጊዜ ይዞ አይቆይም፤ በተለይ መሬት እየተሳበ በሚሰምጥበት ቦታ።

መሬት ሲሳብ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ መሃሉ ይሰምጣል፣ የሥር ሙቀት ወደ ላይ ይቀርባል። የሰመጠው ጎድጓዳ ላይ ደለል ይከመራል፤ አንዳንድ ስምጥ ውስጥ ውፍረቱ ኪሎ ሜትሮች ይሆናል። ታች የቀረው ንብርብር ይሞቃል፣ ይጨመቃል፣ ስንጥቅ ተከትሎ የሚመጣ ትኩስ ውሃም ያገኘዋል።

ብዙ ሰው ሥራው ሁሉ የሙቀት ይመስለዋል። ማግኔታይት ግን ማግኔትነቱን ሙሉ በሙሉ የሚያጣው 580 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፣ የተቀበረ ደለል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደርስም። እውነት ነው፣ ዝቅ ያለ ሙቀትም ሚሊዮን ዓመታት ከቆየ ደካማ ቅንጣቶችን ያዞራል። እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ኬሚስትሪው ነው። ጥልቀቱ ሲጨምር ስሜክታይት የሚባለው የሸክላ ማዕድን ወደ ኢላይት ይለወጣል፤ በዚህ መሃል ብረት ይለቃል፣ ከዚያ ብረት አዲስ ማግኔታይት ሊያድግ ይችላል። ቅንጣቷ ከ20 እስከ 30 ናኖ ሜትር እስክትደርስ አቅጣጫ መያዝ አትችልም፣ ያንን ስታልፍ ግን የዚያን ጊዜውን ሰሜን ትይዛለች። አለቱ የ140 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ቢኖረውና ቅንጣቷ ከ100 ሚሊዮን ዓመት በፊት አድጋ ቢሆን፣ የምናነበው የ100 ሚሊዮኑን ነው።

ሰሜን ስፔን ያለው የካሜሮስ ጎድጓዳ የዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ደለሉ የተከማቸው ቦታው ሲሰምጥ ነው፣ አሁን የያዘው መግነጢስ ግን ከ100 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የመጣ ነው። ያ ዘመን ምድር አቅጣጫዋን ሳትገለብጥ ወደ 40 ሚሊዮን ዓመት የቆየችበት ነው፤ ንብርብር ሙሉ ሲለካ ያለ አንዳች ግልበጣ አንድ አቅጣጫ ብቻ መውጣቱ ራሱ ጥርጣሬ ያስነሳል።

ታዲያ የመጀመሪያው መግነጢስ በኋላ ከመጣው በምን ይለያል? ሁለት ሴንቲ ተኩል ስፋት ያለው ናሙና ተቦርቡሮ ይወጣል፣ ከምድር መግነጢስ በተከለለ ምድጃ ደረጃ በደረጃ ይሞቃል፣ በየደረጃው ይለካል። ከዚያ የተለያየ ዘመም ያላቸው ንብርብሮች ይነጻጸራሉ። አሁን ባሉበት ሁኔታ አቅጣጫቸው ከተስማማ መግነጢሱ የመጣው መሬቱ ካዘመመ በኋላ ነው። ንብርብሮቹ በስሌት ወደ አግድም ሲመለሱ ከተስማሙ ደግሞ ከመዝመሙ በፊት። ስምጥ ውስጥ ግን መዝመሙና መግነጢሱ አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፣ ያኔ የሚስማሙት ንብርብሮቹ በስሌት በከፊል ብቻ ወደ አግድም ሲመለሱ ነው።

ይሄ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። የጣና ጎድጓዳ የሦስት ስምጦች መገናኛ ተደርጎ ተጠንቷል፤ አንዱ በጎንደር ስም ይጠራል። በመተማ መንገድ ጭልጋ ላይ ደግሞ የድንጋይ ከሰል፣ ሸክላና የእሳተ ገሞራ አመድ ተደራርበው ይገኛሉ፣ 27 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሆናቸው የእንስሳት ቅሪቶችም ወጥተውበታል። ዕድሜው የተወሰነው በመግነጢሱ ብቻ አይደለም፤ አመዱ በአርጎን ዘዴ፣ ማለትም በውስጡ የተጠራቀመውን የአርጎን ጋዝ በመለካት፣ ዕድሜው ተለክቶ ሁለቱ ተደጋግፈዋል። ትክክለኛው አካሄድ ይሄ ነው።

በደጋው የመንገድ ቁርጦች ላይ ከባዛልት ሥር ቀይ የተጠበሰ አፈር ብታዩ እዚያም መግነጢሱን መፈተኛ አለ። ላቫው የጠበሰው አፈር የላቫውን አቅጣጫ ይይዛል። ትንሽ ወረድ ብሎ ሙቀቱ ያልደረሰበት አፈር ሌላ አቅጣጫ ካሳየ፣ ያ ከላቫው በፊት የነበረው፣ ሳይሰረዝ የተረፈ ነው።